ሸህ በድሩ አሚን ያላሉበት ዱዓ

ምስጋና ልብ የደበቀውን ለሚያውቀው ጌታ ይሁን። ስሟን የማልጠራት አንዲት አሮጌ ከተማ አለች። ከጁሙዓ መስጊዷ ግንብ ሥር የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ከሁሉም ጠባቧ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው፣ የሸህ በድሩ ናት። ሸህ በድሩ ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፤ ጊዜው ሲለወጥ ኮምፒዩተር ተማሩ። ጺማቸው ነጭ፣ ንግግራቸው አጭር ነው።

የረድፉ ነጋዴዎች አንድ ልማድ አላቸው። ዕቃ የሚያስጭኑት በጋራ ነው፤ ስምምነታቸውን የሚያስሩትም በወረቀት ሳይሆን በዱዓ ነው። ከሰዓት በኋላ ካለው ከዐስር ሶላት ቀጥለው መስጊዱ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ዱዓ ያደርጋል፣ የቀሩት እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» ይላሉ። አሚን ያለ ሰው ከቃሉ አይወጣም።

አንድ ጊዜ ከጭነቱ ጋር ብዙ ግራፊክስ ካርድ መጣ። ይህ ኮምፒዩተር ውስጥ ለብቻው የሚገጠም፣ የምስሉን ሥራ የሚሠራ ዕቃ ነው። ከባድ ጌም ለሚጫወት፣ የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ያስፈልጋል። ደብዳቤ ለሚጽፍና ቪዲዮ ለሚያይ ቤተሰብ ግን ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ይበቃዋል። ነጋዴዎቹም ይህን አላጡትም፤ ካርዱ ግን መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣባቸው። ስለዚህ የረድፉ አለቃ ሐጂ ተማም እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ አላህ፣ ያለ ካርድ አንድም ኮምፒዩተር ከዚህ ረድፍ አይውጣ! አንዳችን የሌላውን ገበያ የሚሰብር አይሁን! በረካህን አውርድልን!»

«አሚን!» አለ በረንዳው።

የሸህ በድሩ እጆች ጉልበታቸው ላይ ነበሩ።

«ሸህ፣ እጅዎን አመመዎት እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

«እጄ ደህና ነው። ያመመኝ ዱዓው ነው» አሉና ጫማቸውን አድርገው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ሰዓዳ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ወደ ሱቃቸው መጣች። እኔ ልጄን አዝዬ ቻርጀሬ እስኪሠራልኝ በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ የዚያን ቀኑን የምጽፈው ያየሁትን ነው። ሰዓዳ ከመሐረሟ ጫፍ የወርቅ አምባር ፈታች።

«አባ፣ እርስዎ ምስክር ይሁኑኝና ይሄን ልሽጠው። ባሌ ስንጋባ ለመህሬ የሰጠኝ ነው። ለኮምፒዩተሩ የሚሆን አለኝ፤ ሐጂ ተማም ግን ካርድ ካልገባበት ምስሉ ይንተባተባል አሉኝ። ለካርዱ አልበቃኝም።»

ሸሁ አምባሩን አልነኩትም። «ለምን ሥራ ነው የፈለግሽው ልጄ?»

«ማመልከቻ እየጻፍኩ ልተዳደርበት። ልጆቹም ተጅዊድ፣ የቁርኣን አነባበቡን፣ በቪዲዮ ይማሩበታል።»

«ጌምስ?»

«ኧረ አባ! እኛ ቤት ለጌም ማን ጊዜ አለው!»

ጠረጴዛቸው ላይ ከዚያው ጭነት የደረሳቸው፣ ካርድ የተገጠመለት ኮምፒዩተር ነበር። የተጅዊድ ትምህርት ከፈቱበት። የካርዱ ማቀዝቀዣ ፋን እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ካሳዩአት በኋላ አጠፉት፣ ከኤሌክትሪክ ነቀሉት፣ ጎኑን ፈትተው ካርዱን አወጡትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የስክሪኑን ኬብል ከራሱ ከኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር አገናኙት። ይሄኔ ወሬውን የሰሙት ሐጂ ተማምና ሌሎቹ ነጋዴዎች በሩን ሞልተውት ነበር።

«ቢስሚላህ።»

ስክሪኑ በራ። አስተማሪው ብቅ አለና ፊደሉን ከጉሮሮው እያወጣ ማስተማር ጀመረ። ምስሉ አልተንተባተበም።

«ከቅድሙ ምን ተለየ?» አሉ ሸሁ።

ሰዓዳ ጠጋ ብላ አየች፣ አዳመጠች። «ጩኸቱ ጠፋ።»

ከነጋዴዎቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ቶሎ ብሎ አፉን ያዘ።

«ነገ ልጆቹ አድገው ጌም ቢሉስ?» አሉ ሐጂ ተማም።

«ያኔ ይገጠምበታል፤ ቦታው ይኸው። ላልመጣ ፍላጎት ዛሬ አምባሯ ለምን ይሂድ? ትናንት ንድፍ የሚሠራውን ጎረምሳ ወደ አንተ የላክሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ካርድ ያስፈልገዋል።» ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «አብሮ የተሠራው ግራፊክስ የኮምፒዩተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ራሙን፣ ይጋራል። ስለዚህ ራሙ ሰፋ ያለውን ምረጪ፤ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።»

ሐጂ ተማም ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያው ከጭነታችን ወጥተዋል። ዕቃ ከየት እንደሚያመጡ እናያለን!»

«ሪዝቅ ሰጪው፣ የሰው እንጀራ በእጁ ያለው፣ አንተ ነህ እንዴ ተማም?»

 ሰዓዳ ደነገጠች። «አባ፣ በእኔ የተነሳ...»

«በአንቺ አይደለም። አምባርሽን አጥልቂው።»

ሐጂ ተማም ያሉትን አደረጉ። በቀጣዩ ጭነት ለሸህ በድሩ የመጣ ነገር የለም። መደርደሪያቸው እየሳሳ ሄዶ ባዶ ሆነ፤ እሳቸውም ወደ ሬዲዮና ቻርጀር ጥገና ተመለሱ። ሰዓዳ ያለ ካርድ ከሸሁ የገዛችው ኮምፒዩተር ዛሬም ይሠራል። ስትጽፍ አምባሯ ኪቦርዱን ይነካዋል።

በዒድ ሐጂ ተማም ሊዘይሯቸው መጡ። ባዶውን መደርደሪያ አይተው፣ «ሸህ፣ አሚን እኮ አንዲት ቃል ናት። ብለዋት ቢሆን ይሄ ሁሉ ሙሉ ነበር» አሉ።

ሸህ በድሩ ሻዩን አቀረቡላቸው። «ተቀባይነት ቢያገኝ ለማፍርበት ዱዓ አሚን አልልም።»

ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ እያሰብኩበት ነው። እኛ ሴቶች ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠን ብዙ ጊዜ ዱዓው አይሰማንም፤ የፊተኞቹን ድምፅ ተከትለን አሚን እንላለን። እኔም ትምህርቴን አቋርጬ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ለበጎ ነው፣ አሚን በይ» አሉኝ፤ አልኩ። የተለመነው ምን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሸህ በድሩ ጌታቸውን አልደፈሩም። ስሙን ይዞ ሰውን ማታለልን ነው እምቢ ያሉት።

አሁን መጀመሪያ አዳምጣለሁ። ያልሰማሁት እንደሆነ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ «ምን እየተለመነ ነው?» እላለሁ። ልጄንም ይህንኑ አስተምራታለሁ። ድፍረት ነው የሚል ካለ ይበል፤ እጄ ግን ምክንያቱን ሳያውቅ አይዘረጋም።