ለመጻፊያ ነው ያለው ሰው

አንድ ጌም ተጫዋች ነበረ። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ለውድድር ተመዝግቧል፤ ውድድሩ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ እንዲመጣ ይፈልጋል። እሱ የለውም። ያጠራቀማት ገንዘብ አንድ ላፕቶፕ ትገዛለች፤ ከተሳሳተ ግን ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ቦታውንም ሌላ ይወስድበታል።

ስለዚህ ፈራ። ያገኘውን ሰው ሁሉ ጠየቀ። አንዱ ዋናው ፕሮሰሰሩ ነው አለው፤ አንዱ ራም ካልበዛ ዋጋ የለውም አለው፤ ሌላው ደግሞ ለጌም ሁሉንም ትተህ የጌሙን ሥዕል የሚያንቀሳቅሰውን ግራፊክስ ካርዱን እይ አለው። ምክሩ በበዛ ቁጥር እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ አንድ ዘመዱ፣ ለነጋዴ የልብህን አትንገር፣ ፍላጎትህን ካወቀ ዋጋ ይሰቅልብሃል ሲል መከረው። ይህ ምክር ሸሚዝ ለመግዛት ደኅና ነው። ሰውዬው ግን ከሰማው ሁሉ እሱን አጥብቆ ያዘ፤ የፈራ ሰው የሚይዘው ቶሎ የገባውን ነውና።

ሱቅ ገባ። ነጋዴው ዋጋቸው የሚቀራረብ ሁለት ላፕቶፖች አቀረበለት። አንዱ ወፍራም ነው፣ መልኩም አያምርም፤ ነገር ግን የራሱ ግራፊክስ ካርድ አለው። ሌላው ቀጭንና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ግን የለውም። የሰውዬው ዓይን ወፍራሙ ላይ ቀረ።

«ወንድሜ፣ ምን ልትሠራበት ነው?» አለው ነጋዴው።

ሰውዬው የዘመዱ ምክር ትዝ አለው። ይኸው መጣ፣ ሊሰቅልብኝ ነው አለ በሆዱ። ዓይኑን ከወፍራሙ ላይ አነሣና፣

«ለመጻፊያ ነው» አለ።

ነጋዴው ደግ ሰው ነበር። ለመጻፊያ ከሆነ ገንዘብህን በግራፊክስ ካርድ አታባክን ብሎ ወፍራሙን ወደ መደርደሪያው መለሰው። ቀጭኑን ወልውሎ ሰጠው፤ ዋጋም ቀነሰለት። ሰውዬው ያኛውን ስጠኝ ማለት አማረው። ግን ውሸቴ ይታወቅብኛል ብሎ አፈረ፤ ከፍሎ ወጣ።

የውድድሩ ቀን የሆነውን መገመት አያቅትህም። አራቱ ጓደኞቹ በጌሙ ውስጥ ሲሮጡ የእሱ ላፕቶፕ፣ እናንተ ልጆች «ስታክ አደረገ» እንደምትሉት፣ ቀጥ አለ። ተንቀሳቀሰ ሲባል እንደገና ቀጥ ይላል። ጓደኞቹ እንደ ምንም ያንን ዙር አለፉ፤ ለሚቀጥለው ግን ሌላ ሰው እንደሚያስገቡ በትሕትና ነገሩት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ሱቁ ሄደና አታለልከኝ አለ። ቆይቶ ደግሞ እባክህ ግራፊክስ ካርድ ጨምርልኝ ብሎ ለመነ። ነጋዴው ራም ቢሆን ኖሮ ሊጨምርለት እንደሚችል፣ ግራፊክስ ካርዱ ግን ላፕቶፑ ሲሠራ አብሮት የሚሠራ እንጂ ኋላ የሚቀጠል እንዳልሆነ አስረዳው። ከዚያም፣

«ለመጻፊያ ነው አላልክም? ጻፍበት። እምቢ ካለህ አምጣው» አለው።

አንተም ይድነቃቸው፣ በዚች ገንዘብ የትኛው ላፕቶፕ ይሻለኛል ብለህ ጠየቅከኝ። ለምንህ ነው ብልህ፣ መሬት መሬት እያየህ ለትምህርት ነው አልከኝ። አስተማሪህ ስለሆንኩ ፈርተኸኛል፤ ጌም ካልኩት ይቆጣኛል ብለሃል። መቆጣቱንስ እቆጣ ይሆናል፤ ግን እየተቆጣሁም ቢሆን የሚሆንህን እመርጥልህ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የባሰው ግን ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ተቀብሎ፣ አመስግኖ የሚሄድ ነው። ሰው የሚመርጥልህ ለነገርከው ነገር ነው፤ ለደበቅከው ማንም አይመርጥልህም።

ገንዘብህ ገና ኪስህ ውስጥ ናት። እስቲ ቀና በልና ንገረኝ፤ ለምንህ ነው?