ጦጢት፣ ኤሊና ወንድም የሌለው ጉማሬ

ድሮ ድሮ ነው ልጆቼ፤ ወንዝ ገና መንገዱን ሲለማመድ። ስሟን በማልነግራችሁ አገር አንዲት ኤሊ ነበረች፣ ሆዷ እንቁላል የሞላ። ከብዷት መዋኘት አቃታት። የምትጥለው ደግሞ ባሕሩ ዳርቻ፣ ሞቃት አሸዋ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ከጣለችው ይበላሽባታል።

ታንኳ ተዋሰች። ቀዛፊ ፈለገች። ጦጢት ከዛፍ ዱብ አለች።

«እኔ አለሁልዎ፣ እትዬ ኤሊ! ዓይኔን ጨፍኜ እወስድዎታለሁ።»

«ዋጋሽስ?»

«እስክንደርስ ከስንቅዎ ልብላ፤ ይበቃኛል።»

አገልግሉ ውስጥ ዳቦ አለ፣ ሙዝ አለ፣ ኦቾሎኒ አለ። ጦጢት አሸተተች። መንገዱ ቶሎ ካለቀ ይህ ሁሉ ለማን ሊተርፍ ነው?

ትልቁ ወንዝ ቀጥ ብሎ ባሕር ይገባል። እሷ ግን ታንኳዋን ወደ ጎን፣ ውኃው ወደተኛበት ቅርንጫፍ ጠመዘዘች። «አቋራጭ ነው!» ቸብ ቸብ ቀዘፈች፣ ጎረሰች። ቸብ ቸብ፣ ጎረሰች። መታጠፊያው ላይ ጉማሬ ተኝቷል።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ጉማሬ?» አለች ኤሊ።

«እግዜር ይመስገን።»

ቸብ ቸብ፣ ጎረሰች። እንደገና ጉማሬ።

«ጦጢት፣ ይሄን ጉማሬ አላየነውም?»

«ኧረ እትዬ! ያ ሌላ ነው። ይሄ ወንድሙ ነው።»

ጉማሬ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «እኔ ወንድም የለኝም።»

«ተጣልተው ነው» ብላ አንሾካሾከች ጦጢት።

ቸብ ቸብ፣ ጎረሰች። ጉማሬ!

«ይሄስ?»

«የአክስቱ ልጅ።»

«አክስትም የለኝም!» አለ ጉማሬ።

«አዩልኝ? ቤተሰቡ በሙሉ አኩራፊ ነው።»

ኤሊ ያን ጊዜ ነቃች። ሆዷን ቁርጠት ጀምሯታል። እዚህ ረግረግ ላይ ከጣለች ልጆቿ አለቁ። ብትቆጣ ደግሞ ጦጢት ዛፍ ላይ ትወጣለች። ስለዚህ በቀስታ፦

«ጦጢትዬ፣ መጣብኝ። እዚሁ ታንኳው ውስጥ ልጣለው።»

«ይጣሉዋ፣ እኔን ምን ቸገረኝ?»

«ምንም። ብቻ የእኛ ልጆች ሲፈለፈሉ መጀመሪያ ያዩትን ፊት ‹እማዬ› ይላሉ። ቢበዛ መቶ ቢሆኑ ነው።»

ዳቦው ጦጢት ጉሮሮ ላይ ቆመ። መቶ አፍ! ቸብ ቸብ ቸብ ቸብ! መጉረስ የለ፣ ማውራት የለ። ጀምበር ሳትጠልቅ ባሕሩ ዳርቻ ደረሱ። ኤሊ አሸዋውን ማሰች፣ እንቁላሏን ቀበረች፣ እፎይ ብላ ባሕሯ ገባች።

ጦጢት የተረፈውን ስንቅ ይዛ ወደ ቤቷ ቀዘፈች። ወደ ባሕር እንኳ ውኃው ራሱ ይወስዳል፤ የቤቷን መንገድ ግን ማን ያሳያት? ቅርንጫፍ ገባች፣ ዞረች። ጉማሬ። ሌላ ቅርንጫፍ ገባች። ጉማሬ።

«አያ ጉማሬ፣ በሞቴ፣ መውጫው በየት ነው?»

«እኔ የአክስቱ ልጅ ነኝ፤ ለአገሩ እንግዳ ነኝ» አለና ተኛ።

ስንቁ አለቀ። ጨረቃ ሞላች፣ ጎደለች፣ ደግማ ሞላች። አንድ ጠዋት ውኃው ታንኳዋን እዚያው አሸዋ ላይ ተፋት። አሸዋው ተርገበገበ። አንድ ትንሽ ራስ ብቅ አለ። ሌላ። ኧረ ስንቱ!

«እማዬ! ቁርስ!»

ከዚያ ወዲህ ነው የአገሩ ሰው፣ አዙሮ የወሰደ፣ ሳያረግዝ ወለደ የሚለው።