ለሁለት የተከፈለው ፓስወርድ

ደሴ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ ሁለት ሰዎች «አብረን ወፍጮ እንትከል» ወይም «አብረን ባጃጅ እንግዛ» ሲባባሉ የሰማ ሽማግሌ ሁሉ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። ወጣቶቹ ከጥንት ጀምሮ የነበረች ይመስላቸዋል። አንዱማ ከዳዊት የተወሰደች ናት ብሎ ሲከራከር ሰምቼዋለሁ። የለም፣ አባባሏ የተወለደችው ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ስትወለድ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ መነሻዋም አንዲት ያገለገለች ኮምፒውተር ናት።

እንድሪስና መንበሩ በአንድ ግቢ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ በተሠሩ ሁለት ቤቶች የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። እንድሪስ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣል፤ ሲስቅ ከፊቱ በፊት ሆዱ ነው የሚስቀው። መንበሩ ዕድሜውን በከባድ መኪና ሹፌርነት ጨርሶ ጡረታ የወጣ፣ ቀጭን፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ለቀበሌው አቤቱታ ሳይጽፍ ከሰነበተ የሚያመው ሰው ነው። በረመዳን መንበሩ እንድሪስ ቤት ቴምር ይዞ ይገባል፤ በፋሲካ እንድሪስ ለመንበሩ ቤት ለስላሳ በሣጥን አስይዞ ይመጣል። እንዲህ ሆነው ልጅ አሳደጉ።

የኮምፒውተሩን ነገር ያነሳው መንበሩ ነው። አቤቱታውን የምትተይብለት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ‹አሳፋሪ› የምትለዋን ቃል ብናወጣትስ?» እያለች ታስቸግረዋለች። የራሱ ኮምፒውተር ቢኖረው «አሳፋሪ»ን እንዳሻው ይጽፋታል። እንድሪስ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረበት። አባቱ ሼህ ኑርዬ ከመሞታቸው በፊት፣ ለልጅ ልጃቸው ለሩቅያ የሠርጓ ቀን ይሰማ ብለው ዱዓቸውን በካሴት አስቀድተው ነበር። ካሴቱ አርጅቶ የሼሁ ድምፅ መንተባተብ ጀምሯል። «ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ አያረጅም» ሲሉት ጊዜ የመንበሩ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ መሰለው። ለብቻ መግዛቱ ለሁለቱም ከባድ ስለነበረ በጋራ ሊገዙ ተስማሙና ፒያሳ ወርደው አንድ ሱቅ ገቡ።

እንድሪስ በግ እንደሚገዛ ሰው ሣጥኑን ዞረው፣ ጎኑን መታ መታ አደረገው፣ ወገቡንም ዳበሰው።

«ጤነኛ ናት?» አለ።

«ያገለገለች ናት እንጂ ምንም የላትም፣ አባቴ» አለ ሻጩ።

መንበሩ ጣልቃ ገባ። «ኪሎ ሜትሯ ስንት ደርሷል?»

«ኮምፒውተር ኪሎ ሜትር የለውም፣ ጋሼ።»

«አጥፍተውታል ማለት ነው» አለ መንበሩ ወደ እንድሪስ ዞሮ። «መኪናም ሲሸጡ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።»

ያም ሆኖ ገዟት። ሻጩ የሼሁን ድምፅ ከካሴቱ ወደ ኮምፒውተሯ አዛወረላቸው። ካሴቱ የመጨረሻዋን «አሚን» ካለ በኋላ ሪባኑ ተጎልጉሎ ወጣና ተበጣጠሰ። ድምፁ ግን ገብቷልና እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ካሴቱን እዚያው ጥሎት ወጣ። ሊወጡ ሲሉ ነው እንግዲህ ጣጣው የመጣው።

«ፓስወርድ ላድርግባት?» አለ ሻጩ። «የሌባ መከላከያ ነው። ቃሉን የማያውቅ ሰው አይከፍታትም።»

ሁለቱ ተያዩ። ቃሉን ማን ይያዘው?

«እኔ ልያዘው» አለ መንበሩ፤ «የእድራችንም ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ።»

«ሥራማ በዝቶብሃል፤ ይሄን እኔ ልያዝልህ» አለ እንድሪስ።

«እንድሪስ፣ አንተን ሳላምንህ ቀርቼ አይደለም። የማላምነው ሰይጣንን ነው።»

«እኔም የማላምነው እሱን ነው። ግቢያችን ሲመጣ ግን ቀድሞ የማንን በር እንደሚያንኳኳ አላውቅም።»

ሻጩ ሳቀ፤ እነሱ አልሳቁም። መንበሩ ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ። «የእድሩ ሣጥን ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ዳኛው ጋ። ለብቻችን አንከፍተውም። ይቺንስ እንዲህ ብናደርጋት? የቃሉን መጀመሪያ አንተ፣ መጨረሻውን እኔ። አንዳችን የሌላውን ሳናይ እንጽፈዋለን።»

ሻጩ ሳቁን ዋጠ። «ጋሼ፣ ይሄ ጠንካራ ቁልፍ ነው። ከጠፋባችሁ እኔም አልከፍተውም። ጠርጌ ባዶዋን ነው የምመልስላችሁ።»

«የፈለግነውም ጠንካራውን ነው» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ኮምፒውተሯ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለችው ዕቃ ቤት ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ይገባሉ። እንድሪስ ባንድ ጣቱ የራሱን ግማሽ ሲጽፍ መንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቀጥሎ መንበሩ ሲጽፍ እንድሪስ ይዞራል። አንድ ቀን መንበሩ የመስኮቱ መስታወት እጁን ወለል አድርጎ እንደሚያሳይ አየና ብርድ ልብስ ሰቀለበት። የእንድሪስ ሚስት ጦይባ ይህን ስታይ የመንበሩን ሚስት አልጋነሽን ጠርታ፣ «አንቺ፣ ሽንት ቤት የገባ ሰው እንኳ እንዲህ አይከለልም!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሠራ። አንዴ ከተከፈተች በኋላ መንበሩ «አሳፋሪ»ን ባንድ ገጽ ላይ እስኪበቃው ይጽፋል፤ እሱ ሲነሳ እንድሪስ ተቀምጦ መንዙማውን ይሰማል።

ጸባቸው የመጣው በሥዕል ነው። መንበሩ የሹፌርነት ዘመኑን ፎቶ፣ ከመኪናው ፊት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመበትን፣ ስክሪኑ ላይ እንዲታይ አድርጎ ነበር። ኮምፒውተሯ በተከፈተች ቁጥር የምታሳየው መንበሩን ሆነ። እንድሪስ ታገሠ፣ ታገሠ፣ አንድ ቀን መንበሩ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ጠብቆ ፎቶውን አነሳና ለአረፋ የሚያደልበውን ሙክት በቦታው አስቀመጠ። በማግስቱ አብረው ሲከፍቱ ሙክቱ ቀንዱን አዙሮ አፈጠጠባቸው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ መንበሩ።

«ሙክቴ ነዋ። አያምርም?»

«በእኔ ፊት ቦታ ሙክት?»

«ሰውየው፣ ቦታው የጋራ ነው እኮ! ያንተን ፊት ስንት ጊዜ አየሁት። ለውጥ ይሁን ብዬ ነው።»

«ለውጥ?» መንበሩ ጮኸ። «እኔን ከበግ ጋር ትለውጠኛለህ?»

እንድሪስ እዚህ ላይ ይቅርታ ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ሳቁ አመለጠው፤ ሆዱ ተንቀጠቀጠ። መንበሩ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀለና ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው በር ሲገናኙ አንዱ ሰማዩን፣ ሌላው ጫማውን ያያል። ኮምፒውተሯ አቧራ እንዳይነካት አንሶላ ተጣለባት። መንበሩ ወደ ተያቢዋ ልጅ ተመለሰ፤ «አሳፋሪ»ም ከአቤቱታው ወጣች።

ወራት አለፉ። የሩቅያ የሠርግ ቀን ተቆረጠ። ልጅቱ አንድ ቀን አባቷን፣ «አባ፣ የአያቴ ዱዓ ይሰማል አይደል?» አለችው።

«ኢንሻአላህ» አለ እንድሪስ።

ለብቻው ዕቃ ቤት ገብቶ አንሶላውን ገፈፈ። የራሱን ግማሽ ጻፈ። ከዚያ የመንበሩን ግማሽ ይገምት ጀመር። የልጆቹን ስም ሞከረ፤ እምቢ አለች። የመኪናውን ዓይነት ሞከረ፣ የውሻውን ስም ሞከረ፣ በየወሩ የሚዘክረውን መልአክ ሞከረ። በመጨረሻ «አሳፋሪ» ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሯ ሁሉንም መለሰችበት። ቢጨንቀው ሣጥኑን ተሸክሞ ፒያሳ ወረደ። ሻጩ ገና «ልጥረጋት?» ብሎ ከመጠየቁ እንድሪስ እንደ ሕፃን አቅፏት ሮጦ ወጣ።

ጦይባ ወደ አልጋነሽ ሄደች፤ አልጋነሽ ወደ ባሏ ሄደች። ይዛ የተመለሰችው መልስ አጭር ነበር፦ «ሙክቱ ይክፈትለት ብሏል።»

እንድሪስ ይህን ሲሰማ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያኔ አልሳቀም። «የአባቴን ድምፅ በገዛ እጄ ቀበርኩት» አለ።

ይህን ያየችው ሩቅያ ናት ማንንም ሳታማክር የመንበሩን በር ያንኳኳችው። መንበሩ ሬዲዮ እየሰማ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች።

«አባትሽ ከላከሽ...»

«አባቴ አልላከኝም። በሠርጌ ቀን የአያቴ ዱዓም የእርስዎ ምርቃትም ሊቀር ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

መንበሩ ሬዲዮውን አጠፋ። እንዳያነባ ይመስለኛል፣ የተቆለፈውን የአንገት ቁልፉን ፈትቶ መልሶ ቆለፈው። «አንዱም አይቀርም» አለ። «እከፍታታለሁ። ለአባትሽ ግን አንድ ቃል አልናገርም፤ ይሄን ንገሪልኝ።»

በማግስቱ ዕቃ ቤቷ ሞላች። የሰፈራችን ታላቅ፣ አያ ይመር፣ አስታራቂ ይሁኑ ተብለው ተጠርተዋል። ወንበራቸውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ቦታ አጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

እንድሪስ የራሱን ግማሽ ጽፎ ተነሳ። መንበሩ ተቀመጠ።

«አያ፣ ይንገሩልኝ» አለ፤ «ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዙር።»

«አያ፣ ይንገሩልኝ» አለ እንድሪስ፤ «ካዞርኩ ቆየሁ።»

መንበሩ ጻፈ። ኮምፒውተሯ አልተከፈተችም። እንድሪስ ዞሮ ግማሹን ደገመላት፤ መንበሩም ደገመ። አሁንም እምቢ። በሦስተኛው መንበሩ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

«ምነው?» አሉ አያ ይመር።

«ቃሉን አውቀዋለሁ» አለ መንበሩ ድምፁ ቀጥኖ። «በፈረንጅ ፊደል እንዴት አድርጌ እንደጻፍኩት ነው የጠፋኝ።»

እንድሪስ ግድግዳውን ትቶ ዞረ። «ቃሉን ንገረና እንርዳህ!»

«ምስጢር ነዋ!»

«አንተንም የማያስገባ ምስጢር ምን ምስጢር ነው?»

ከወራት በኋላ ፊት ለፊት መነጋገራቸውን ሁለቱም ልብ አላሉም። አያ ይመር በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «መንበሩ፣ የታሰረው የሙት ዱዓ ነው። ተናገር።»

መንበሩ አቀረቀረ። «እንድሪስ» አለ።

«አቤት?» አለ እንድሪስ።

«አልጠራሁህም። ቃሉ ነው።»

ጦይባ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንጀቴን! ስምህን አድርጎት ነው እኮ፤ ለካ እንዲህ ይወድሃል!»

«አትሳሳቺ፣ ጦይባ» አለ መንበሩ ቆጣ ብሎ። «ቁልፌን ሊሞክር የሚችል ሌባ እሱ ብቻ ነው ብዬ ነው። ሰው ሌላውን ሁሉ ይሞክራል እንጂ የገዛ ስሙን አይሞክርም።»

«ወላሂ እውነቱን ነው!» አለ እንድሪስ። «ውሻውን ስሞክር የራሴ ስም ትዝ አላለኝም!» ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መንበሩም ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ አልቻለም፣ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳ የሚያይ አልነበረም። ሁለቱ ኪቦርዱ ላይ አጎንብሰው ተከራከሩ። እንድሪስ «መታወቂያዬ ላይ በኢ ነው የሚጀምረው» አለ፤ ሞከሩት፣ አልሆነም። መንበሩ «በአይ መሰለኝ» አለ፤ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ መንበሩ ግንባሩን መታ። «መጨረሻው ላይ ሁለት ኤስ ነው! ስምህን ብታስብ እንኳ እንዳይከፈትልህ ብዬ አንድ ጨምሬበት ነበር።»

«ክፉ!» አለ እንድሪስ በአድናቆት።

ተከፈተች። ሙክቱ ብቅ ሲል መንበሩ ዓይኑን ጨፈነ። እንድሪስ የአባቱን ድምፅ ከፈተ። «ሩቅያ ልጄ» አሉ ሼህ ኑርዬ ከዚያ ከሩቅ፣ «ቤትሽን ሰላም ያድርገው። ዳቦሽ አይጉደል፤ ጎረቤትሽ ከወንድም ይብለጥልሽ።» መሐል ላይ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ፤ መንበሩ በለሆሳስ «እኔ ነኝ፤ ያን ለት አጠገባቸው ነበርኩ» አለ። እንድሪስ ሳያየው ክንዱን ያዘው። ዱዓው ሲያልቅ ክርስቲያኑም እስላሙም «አሚን» አለ። ሩቅያ ወዲያው ፍላሽ አምጥታ ድምፁን ቀዳችና እያለቀሰችም እየሳቀችም ወጣች።

ሁላችንም ልንበተን ስንል መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መቼም ቃሌ በሰው ፊት ተነግሯል። አሁኑኑ መቀየር አለበት።»

«ልክ ነህ» አለ እንድሪስ። «እንዲያውም የአሁኑ ለሦስት ይከፈል፤ አንዱ ቢረሳ ሌላው እንዲያስታውሰው። ሦስተኛውን አያ ይመር ይያዙልን!»

«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ መንበሩ፤ «ብርድ ልብሱንም እንመልሰው።»

አያ ይመር በትራቸውን ተመርኩዘው ከወንበራቸው ተነሱ፣ አንዴ እንድሪስን፣ አንዴ መንበሩን አዩና፣ «ልጆቼ፣ እኔን በዚህ ነገር አታስገቡኝ፤ የሁለት ሰው ቁልፍ፣ ሲስማሙ በር፣ ሲጣሉ አጥር!» አሉ።