የብቸኞች መንጋ

በዚያ ጫካ ሥርዓት ነበር። ሥርዓት የለም ያለ ሁሉ ተበልቷልና ይህን የሚክድ አልተገኘም። በየዓመቱ እንስሳት ሁሉ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል፣ ከየቀያቸው ጨዋማ አፈር እየጫሩ በአንበሳ ደጅ ያከማቻሉ። በበጋ ሸንጎ ሲጠራ ክምሩ ለሸንጎ ተቀማጮች ይከፋፈላል፤ ጨው ያልላሰ በዚያ ሐሩር ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ቆሞ መናገር አይችልምና። ሕጉ ግን "ለየመንጋው" ይላል። የጅብ መንጋ ይልሳል፣ የጎሽ መንጋ ይልሳል። መንጋ የሌላቸው፣ መንደራቸው አምኖ ብቻቸውን የላካቸው ድኩላ፣ ጃርትና ኤሊ የሌላውን ምላስ ሲያዩ ይውላሉ።

ድኩላን የላኳት የታችኛው ሸለቆ ጥንቸሎች ነበሩ። አንበሳ ምንጫቸውን ለጅብ መንጋ ሊሰጥ አስቧል፤ አደራቸውም ሸንጎው "ይሁን" እንዳይል እንድትከራከርላቸው ነው። ከዚያ ምንጭ ሌላ ውሃ የላቸውም።

ለመከራከር ግን መቆም ያስፈልጋል። ድኩላ እንደምንም ተነሣች።

"ጌታዬ፣ ክምሩ የሁላችን ላብ ነው። ጥንቸልም ጭራበታለች። የጥንቸል መልእክተኛ ስለምን ጦሟን ታድራለች?"

ጅብ ጭኗን አየ። አንበሳ ግን ፈገግ አለ።

"እውነት ብላለች፤ ይሰጣቸው። ሕግ ደግሞ ሕግ ነው። እናንተም መንጋ ሁኑና ላሱ።"

አማካሪው ቀበሮ፣ "ደግ ምክር ነው! ድር ቢያብር..." ብሎ ጀመረና፣ የተረቱን መጨረሻ አስታውሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

የብቸኞች መንጋ ያን ዕለት ተቋቋመ። ሦስቱም ላሱ። ድኩላንም ጣፈጣት፤ ለምን ይዋሻል? መንጋ ያለ አለቃ አይሆንም ተባለና ቀበሮ፣ "እኔም በልቤ ብቸኛ ነኝ" ብሎ አለቃቸው ሆነ።

በማግስቱ የምንጩ ነገር ቀረበ። በሸንጎው ልማድ መንጋ የሚናገረው በአለቃው አፍ ነው። ቀበሮ ቆመ።

"የብቸኞች መንጋ በአንድ ድምፅ ይደግፋል።"

"እኔ አልደገፍኩም!" ብላ ድኩላ ጮኸች።

"የበሉበትን ወጪት ሰባሪ!" አለ ጅብ።

"ወጪቱ የሁላችን ነው! ጥንቸሎቹ እኮ የላኩኝ..."

አንበሳ አላገሳም፤ ማግሳትም አላስፈለገው። ከጎኗ ጃርት እሾሁን አቁሞ ወጋት።

"ዝም በይ እባክሽ! ገና ልሰን ሳንጠግብ ልታስቀሪብን ነው?"

ወደ ኤሊ ዞረች። ኤሊ አንገቱን ከቷል። ከሁለቱ በቀር በዚያ ሸንጎ ወገን አልነበራትም። ጎኗ እየደማ፣ እያፈረች ተቀመጠች።

ጥንቸሎቹ በበነጋው ወደ ምንጫቸው ሲወርዱ ጅቦች ዙሪያውን ተኝተው አገኙ። አንዲት አሮጊት ጥንቸል ከሩቅ ቆማ ጠየቀች።

"አያ ጅቦ፣ ድኩላችን አልተቃወመችም?"

"ኧረ እሷማ ከመንጋዋ ጋር ደግፋለች" አለ ጅብ፣ ከተኛበት ቀና ሳይል። "ይልቅ ውሃ ጠምቷችኋል መሰል፤ ቀረብ በሉ።"