ድሃ መስለው የለበሱት ጌታ

አቶ ድልነሳው የሚባሉ አለባበስ የሚወዱ ባለጸጋ ነበሩ። አንድ ቀን፣ «ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩትን የአውሮፓ ድሃ ሠዓሊዎች መስላችሁ ኑ» ብለው እንግዶችን ለድግስ ጠሩ። እሳቸውም አዲስ የከፋይ ካፖርት አሰፉና ልብስ ሰፊውን መልሰው ጠርተው «ክርኑ ላይ ቅደደው» አሉት። ጣታቸውን ቀለም ነካክተው፣ ሰፊ ባርኔጣቸውን ዘመም አድርገው እንግዳ ሊቀበሉ ወጡ።

የሰፈሩ ሠዓሊም ተጠርቶ ነበርና ክርኑ በእርጅና ያለቀ የዘወትር ኮቱን ለብሶ መጣ። ዘበኛው ግን፣ «ነዳያን የሚበሉት እንግዳ ሲወጣ ነው» ብሎ በር ላይ አቆመው።

አቶ ድልነሳው ይህን ሲያዩ አፈሩ፤ ይቅርታ ማለቱ ግን ስለከበዳቸው ነገሩን ወደ ቀልድ ወሰዱት።

«እስቲ ሙያህ ነውና ፍረድ፤ ድሃ ሠዓሊ ለመምሰል ምን ቀረኝ? እውነቱን ብትነግረኝ ትገባለህ፤ ብትሸነግለኝም ብትሰድበኝም ግን አትገባም!» አሉት። እንግዶቹ ሳቁ።

ሠዓሊው ከባርኔጣቸው እስከ ጫማቸው አያቸው።

«ጋሼ፣ ልብሱስ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ሠዓሊ አስመስሏል። የቀረዎት በዘበኛዎ መከልከል ብቻ ነው። እንግዲህ እኔ ቦታ ላይ ትንሽ ይቁሙ፤ እኔ ገብቼ እበላልዎታለሁ።»