ከቀለሙ ሥር

ከትምህርት በኋላ ጥላዬ መምህሩ አጠገብ ቁጭ አለና፣ «የኔታ፣ እናቴ የዱቄት ጆንያ ተሸክማ ስትመላለስ ደክሞኛል ብላ አታውቅም። ሳትለምነኝ ሸክሟን ልቀበላት ብል አይከፋትም?» ሲል ጠየቀ። የኔታም ጢማቸውን አሻሹና እንዲህ ሲሉ ታሪክ ጀመሩ።

አንድ ዳቦ አመላላሽ ሰው ነበረ። ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ብስክሌት ነበረው። በጠዋት ዳቦ ያደርስበታል፤ ሲመለስ ትንሽ ልጁን ከኋላ አፈናጦ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ትምህርት ቤት ያደርሳታል። ደግ ብስክሌት ነበር፤ ሲጥ እንኳ ብሎ አያውቅም።

ሰውየው ታዲያ አንድ ልማድ ነበረው። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ብስክሌቱን ቀለም ይቀባዋል፤ ግን እንደ ሌላው በቀለም ላይ ቀለም አይደርብም። አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ብረቱን ራቁቱን አስቀርቶ በጣቱ ይዳብሰዋል። ጎረቤቱ፣ «ሙሽራ ልትድር ነው እንዴ?» እያለ ይስቅበት ነበር።

አንድ ዓመት እንዲህ ሲዳብስ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ አንገት ላይ ጥፍሩን አንድ ነገር ያዘው። ከጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነው። ጎረቤቱ፣ «አባትህን ያልከዳ ብረት ዛሬ ልጅህን ይከዳል? ይልቅ ቀባውና ተገላገል» አለው። ሰውየው ግን ልጁንና ያንን ቁልቁለት አሰበ። ሹካውን ፈትቶ ብረት በሚቆነጥጠው ሞርሳ አሰረው። በእጁ ገፋ ቢያደርገው እንደ ጭራሮ ቀጭ አለ።

ስብራቱን ወደ ብርሃን አዞረው። አብዛኛው ዝጎ ጠቁሯል፤ ድሮ የተሰበረ ነው። አሁን የተሰበረችውና የምታበራው ጥፍር የምታህል ብቻ ናት። ለካ ያ ሁሉ ዳቦ፣ ያች ልጅ፣ በዚያች ተይዘው ኖረዋል። ሰውየው ብረቱን ሳመው። «የሆድህን በሆድህ ይዘህ ተሸከምኸን፤ ከእንግዲህ ዕረፍ» ብሎ ከበሩ በላይ ሰቀለው። ሌላ ሹካ እስኪያገኝም ልጁን በእግሩ አደረሳት። እኔ ያንን ሰው አደንቀዋለሁ፤ ብረቱንም።

የኔታ ወደ ጥላዬ ዞሩ። «ብረቱ እናትህ ናት፤ ቀለሙ ሳቋ ነው። ደክሞኛል እስክትል ከጠበቅህ፣ የምትሰማው ቀጭ ስትል ነው። ቢከፋትም ይክፋት፣ ተቀበላት። አሁን የት ናት?»

«ወፍጮ ቤት።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉት።