ሰባተኛ ሰው ያልጫነችው ጀልባ

«ልጀምር ወይ?»
«ጀምሪ!»
«የምጀምረው ከውሃ ላይ ነው።»
«አብረንሽ እንሻገራለን!»

እንግዲያው ጠጋ በሉና ስሙኝ። አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበር። በሐይቁ መካከል አንዲት ደሴት ነበረች። በደሴቲቱ ላይ አንለይ የሚባል ሰውና ትሁን የምትባል ሚስቱ ይኖሩ ነበር። በዚያ ጊዜ እንስሳውም ዕቃውም ይናገር ነበር፤ ሰውም ቆም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ጀልባ ትናገር ነበር፣ ሞተር ይናገር ነበር፣ ውሃ ላይ የሚበቅለው አረም እንኳ ይናገር ነበር።

አንለይ የደሴቲቱ አሻጋሪ ነው። ደንገል ከሚባል የሐይቅ ዳር ቄጠማ በታሰረች ታንኳ እህል ያሻግራል፣ ሙሽራ ያሻግራል፣ በሽተኛ ያሻግራል። ታንኳዋ ደግ ናት፤ ግን ቀስ ትላለች። ጠዋት የተነሣ ሰው ማዶ የሚደርሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሲከብድ ይዘቅጣል።

አንድ ቀን የደሴቲቱ ሰዎች ተሰበሰቡ። አያ ጎበዜ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ተነሡና እንዲህ አሉ፤

«ልጄ አዛለች ነፍሰ ጡር ናት። ጤና ጣቢያው ያለው ማዶ ነው። አምና የጎረቤታችን ልጅ ታንኳ ላይ ምጥ ጸንቶባት ምን እንደሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

ሁሉም ያውቅ ነበር።

«ስለዚህ ሞተር ያላት ጀልባ ያስፈልገናል። አንለይ፣ ሂድና ምረጥልን።»

«እሺ አያ» አለ አንለይ። «ግን ትሁን አብራኝ ትሂድ። እኔ ውሃ አውቃለሁ፤ እሷ መጠየቅ ታውቃለች።»

ባልና ሚስት ተሻግረው ጀልባ ከሚሸጥበት ዳርቻ ደረሱ። በአሸዋው ላይ ሦስት ጀልባዎች ተደርድረዋል። አንደኛው ከብረት የተሠራ፣ ሰፊና ከባድ ነው። ሁለተኛው ከእንጨት የተሠራ፣ ቀጭንና ረጅም ነው። ሦስተኛዋ ከአሉሚኒየም የተሠራች ትንሽ ጀልባ ናት፤ ቀለም እንኳ አልተቀባችም።

ገና ሰላም ሳይሉ ጉማሬ ከውሃው ውስጥ ብቅ አለ።

«የብረቱን ውሰዱ!» አለ። «ሐይቅ የሚያከብረው ክብደትን ነው። እኔን እዩኝ! ማዕበል መጥቶ ይመታኛል፤ እኔ ግን ከቦታዬ ንቅንቅ አልልም።»

ትልቁ የውሃ እንሽላሊት አርጃኖ ከድንጋይ ላይ ሆኖ ምላሱን አወጣ።

«አትስሙት» አለ። «የእንጨቱን ውሰዱ። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ በሸንበቆ መካከል ሹልክ ይላል። እኔን እዩኝ! የማልገባበት ጥግ የለም።»

ይብራ የምትባለው የውሃ ወፍ ክንፏን እያራገበች መጥታ ከፊታቸው አረፈች።

«ሁለቱንም አትስሟቸው» አለች። «ትንሿን ውሰዱ፣ ላባ ናት። ከኋላዋ ግን የመጨረሻውን ትልቅ ሞተር እሰሩባት። ያን ጊዜ አትዋኝም፣ ትበርራለች! እኔን እዩኝ!»

አንለይ ወደ ጉማሬው አየ፣ ወደ አርጃኖው አየ፣ ወደ ይብራዋ አየ። ሁሉም እውነት መሰለው። ግራ ገባው።

ትሁን ግን ነጠላዋን አስተካክላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጠየቀች።

«ጋሽ ጉማሬ፣ ጀልባው ቢሰምጥ እርስዎ ምን ይሆናሉ?»

«እኔማ ታች ወርጄ መሬቱን እየረገጥኩ እሄዳለሁ።»

«አንተስ አርጃኖ?»

«እኔማ እየዋኘሁ እወጣለሁ።»

«አንቺስ ይብራ?»

«እኔማ ብድግ ብዬ እበርራለሁ።»

«እኛስ?» አለች ትሁን። «ያረገዘችው አዛለችስ?»

ጉማሬው አፍንጫውን ውሃ ውስጥ ከተተ። አርጃኖው ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ ገባ። ይብራዋ ላባዋን ማበጠር ጀመረች። ክፉ ሆነው አልነበረም። ሁሉም የመከሩት የራሳቸውን ገላ አይተው ነበር።

ያን ጊዜ ትሁን ወደ ጀልባዎቹ ዞረች።

«አንተ ብረት፣ ስንት ሰው ትጭናለህ?»

«የመጣውን ሁሉ!» አለ የብረቱ።

«የእኛ ዳርቻ ድንጋያማ ነው፤ ውሃውም ጥልቀት የለውም። ሁለት ሰው ጎትቶ ያወጣሃል?»

«እ… ሃያ ሰው ብትጠሩ ይሻላል።»

«አንተስ የእንጨቱ?»

«እኔም የመጣውን ሁሉ እጭናለሁ። ብቻ ማንም ከተቀመጠበት እንዳይንቀሳቀስ።»

«ምጥ የያዛት ሴትስ?»

«እሷም እንዳትንቀሳቀስ!»

ትሁን ፈገግ አለችና ወደ ትንሿ ጀልባ ተጠጋች። በመዳፏ ጎኗን መታ መታ አደረገቻት፤ እንደ አዲስ ድስት ጮኸች።

«አንቺስ?»

«እኔ ስድስት ሰው እጭናለሁ» አለች ትንሿ ጀልባ። «ሰባተኛ አልጭንም። ነፋስ ሲነሣ ያንገላታኛል፤ አልዋሽም። ግን አልዝግም፣ አልበሰብስም፣ ሁለት ሰው ጎትቶ ከውሃ ያወጣኛል። ሆዴ ሰፋ ያለ ስለሆነ ሰው ቢገላበጥብኝም አልገለበጥም።»

«ይቺን እንውሰድ» አለ አንለይ።

«ይቺን እንውሰድ» አለች ትሁን።

ቀጥሎ ሞተር መረጡ። በዳርቻው ካለው ዳስ ሥር ሦስት ሞተሮች ተሰቅለዋል። ትልቁ ሞተር ደረቱን ነፋ።

«እኔን እሰሩኝና እዩ!»

«አይሆንም» አለች ጀልባዋ። «እሱ ከኋላዬ ከተቀመጠ ጀርባዬ ይሰምጣል፣ አፍንጫዬ ሰማይ ያያል። የኋላ ሳንቃዬንም ይገነጥለዋል።»

ትንሹ ሞተር በቀጭን ድምፅ «እኔ ቀላል ነኝ» አለ።

«ስድስት ሰው ይዘህ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣብህስ?» አለ አንለይ።

«ያን ጊዜማ ነፋሱ ወደሚሄድበት አብሬው እሄዳለሁ።»

መካከለኛው ሞተር እስኪጠየቅ አልጠበቀም። «እኔ የማንንም ክብደት አላውቅም» አለ። «ግን ከእሷ ጋር አስተያዩኝ። ካልገጠምኩ መልሱኝ።»

እሱን ወሰዱት።

ግን መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ ማስማማት ሌላ ነው። በደሴቲቱ ጥግ፣ ውሃው ዝም ባለበት ቦታ፣ አንለይ ሞተሩን ከጀልባዋ ኋላ አሰረው። መጀመሪያ ከፍ አድርጎ አሰረው። ሞተሩ አጓራ፣ ውሃው አረፋ ሆነ፣ ጀልባዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«የምረግጠው ውሃ የለም!» ብሎ ጮኸ ሞተሩ። «የሚሽከረከረው ክንፌ አየር እየበላ ነው!»

ቀጥሎ ዝቅ አድርጎ አሰረው። ሞተሩ ጀልባዋን ገፋት፤ ግን እንደ ማረሻ ውሃውን እያረሰ ተንቀራፈፈ። ከታች ከድንጋይ ጋርም ተጋጨ።

«እግሬን ሰበራችሁኝ!» አለ።

«አንተም ጎተትከኝ!» አለች ጀልባዋ። «ወትሮስ እኔ ነኝ የምሸከምህ!»

«እኔ ነኝ የምገፋሽ!»

«ያለ እኔ ታች ነህ!»

«ያለ እኔ እዚሁ ነሽ!»

ትሁን ሁለቱንም እስኪደክማቸው ጠበቀቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የጀልባዋን ሆድ በእጇ ዳበሰች። «ክንፉ ከሆዷ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይዋል» አለች። «ሆዷ ውሃውን ከፍሎ ሲያልፍ፣ እሱ ወዲያው ከኋላ ይቀበላት።» አንለይ ለሦስተኛ ጊዜ ፈታና አሰረ። ብሎኖቹን አጠበቀ፤ ሞተሩ ቢፈታ እንኳ እንዳይጠፋ በገመድ ከጀልባዋ ጋር አሰረው። የቤንዚኑን ጀሪካን ከኋላ አንሥቶ ወደ መሃል ወሰደው። ሁለት መቅዘፊያዎችን ከጎን አጋደመ።

ሞተሩ ተነሣ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ትንሽ ቀና አደረገችና ውሃውን እየከፈለች ሄደች። ጭቅጭቁም በዚያው ቆመ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት አዛለችን ምጥ ያዛት።

ትሁን ፈጥና ደረሰች። አዛለችን ደግፋ ወደ ዳርቻው አወረደቻትና አብራት ጀልባዋ ውስጥ ገባች። እናቷ እማ ጠጄ ተከተሉ፤ ሁለት ጎረቤቶች ደግሞ ልብስና ውሃ ይዘው ገቡ። አንለይ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጠ። ስድስት ሆኑ። ያን ጊዜ አያ ጎበዜ ዘንጋቸውን ይዘው መጡና እግራቸውን ወደ ጀልባዋ አስገቡ።

ጀልባዋ ዝቅ አለች። ጠርዟና ውሃው ሊነካኩ ትንሽ ቀራቸው።

«አያ» አለ አንለይ። «እባክዎ ይውረዱ።»

«ምን አልክ?»

«ሰባተኛ ሰው አትጭንም።»

የአያ ጎበዜ ፊት ተለወጠ። «ሰዉን የሰበሰብኩት እኔ! ጀልባ ይምጣ ያልኩት እኔ! የምታምጠው የእኔ ልጅ! እኔን ነው የምታወርደኝ?»

አንለይ አንገቱን ደፋ። በሕይወቱ ለሽማግሌ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ጀልባዋ ግን ቀስ ብላ ተናገረች።

«አያ፣ እርስዎን ጠልቼ አይደለም። እርስዎ የገቡ እንደሆነ የምሰምጠው ከልጅዎ ጋር ነው።»

አዛለች የአባቷን እጅ ያዘች። «አባባ፣ በታንኳ ይከተሉኝ» አለች።

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፣ ውሃውን አዩና ወረዱ። ጀልባዋ ከፍ አለች። አያ ጎበዜ ዳርቻው ላይ ቆመው ቀሩ። ሆዳቸው አዝኗል።

ጀልባዋ ሄደች። ከሐይቁ አጋማሽ ሲደርሱ እምቦጭ ተንጣሎ ጠበቃቸው። እምቦጭ ማለት ውሃ ላይ እንደ ሜዳ የሚዘረጋ፣ አበባው ሐምራዊ የሆነ አረም ነው። ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ሥሩ ግን ገመድ ነው።

«ሞተር ሆይ» አለ እምቦጩ በለሰለሰ ድምፅ፣ «በእኔ በኩል እለፍ። መንገዱ አጭር ነው።»

«በዳር በኩል እንዙር» አለች ጀልባዋ።

«በእኔ በኩል እለፍ» አለ እምቦጩ። «እኔ ለስላሳ ነኝ፤ ድንጋይ የለብኝም።»

«በዳር በኩል እንዙር» አለች ጀልባዋ።

«በእኔ በኩል እለፍ» አለ እምቦጩ። «ሴትየዋ ስታቃስት አትሰማም? ጨካኝ ነህ እንዴ?»

ይህን ሲሰማ ሞተሩ ራራ፤ አንለይም ራራ። መሪውን ወደ አረሙ አዞረው። ትንሽ እንደሄዱ ሥሩ ተጠመጠመ፣ ክንፉ ታሰረ፣ ሞተሩ ዝም አለ። እምቦጩም ከዚያ በኋላ አልተናገረም። የፈለገውን አግኝቷል።

ነፋስ ተነሣ። አዛለች የእናቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«የቸኮልኩት እኔ ነኝ» አለ ሞተሩ።

«እኔም ቸኮልኩ» አለ አንለይ። «አሁን ግን ቀና በልልኝ።»

ሞተሩን ወደ ላይ አጋደመው፤ ክንፉ ከውሃ ወጣ። ትሁን ከኋላ ተንበርክካ አረሙን በቢላ ቆረጠች፣ በጥርሷም ጭምር በጠሰች። ሁለቱ ጎረቤቶች መቅዘፊያ አነሡና ጀልባዋን ወደ ኋላ ገፏት። ቀላል ነበረችና ተገፋች። ከአረሙ ሲወጡ ሞተሩ አንዴ አሳለ፣ ሁለቴ አሳለ፣ በሦስተኛው ተነሣ።

«ማዕበሉን በጎኔ አታስመቱኝ» አለች ጀልባዋ። «በአፍንጫዬ ልቀበለው።»

እንደዚያ አደረጉ። ውሃ ፊታቸው ላይ ተረጨ እንጂ ወደ ውስጥ አልሞላም። በዳር በኩል ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ ማዶ ደረሱ።

አያ ጎበዜ ከሰዓት በኋላ በታንኳ ደረሱ። ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሶ ነበር። ከጤና ጣቢያው በር ላይ ትሁንን አገኟት። መጠየቅ ፈሩ።

«ወንድ ነው አያ» አለች። «እናቱም ደህና ናት፤ ተኝታለች።»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው ዕንባ ነበረበት። ወደ ውሃው ወርደው አንለይ አጠገብ ቆሙ።

«ተሻገር ብዬዋለሁ» አሉ። «ስሙን።»

«ጥሩ ስም ነው አያ።»

«ጠዋት ስታወርደኝ ረግሜህ ነበር፤ በሆዴ።»

«አውቃለሁ አያ።»

«እርግማኑን አንሥቼዋለሁ» አሉና እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

ልጆቼ፣ ዕቃ ስትመርጡም ሰው ስትመርጡም፣ ሁሉን እችላለሁ የሚለውን ብቻ አትስሙ። አቅሙ የት ድረስ እንደሆነ የሚነግራችሁን ፈልጉ፤ ሲነግራችሁም አትቀየሙት። እኔ ተረቴን ማዶ አደረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ጉሮሮዬን በጠላ አርሱልኝ።